ሁለት ጊዜ የተቀነሰው ኪሎ

በአንድ የቡና አገር የገበሬዎች ማኅበር ነበር። አባላቱ በለቀማው ወራት ቀዩን እሸት ቡና በጆንያ ተሸክመው ወደ ማጠቢያ ጣቢያው ያመጣሉ፤ ሚዛነኛው ይመዝናል፣ መዝጋቢዋ ደረሰኝ ትቆርጣለች፣ ሒሳብ ሹሙ ይከፍላል። እሸት ቡና ጊዜ አይሰጥም። በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጆንያው ውስጥ እንዳለ ይሞቃል፣ ይጎመዝዛል፤ ጥራቱ ሲወርድ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። በዚያ ጣቢያ ሰልፍ ቆመ ማለት የብዙ ቤተሰብ የዓመት ልፋት አደጋ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ማኅበሩ ሲያድግ ደብተሩ በዛ፤ ደብተሩ ሲበዛ ጭቅጭቁም በዛ። ገበሬው «ኪሎዬ ጎደለ» ይላል፤ ሚዛነኛው «እኔ ትክክለኛውን ጠርቻለሁ» ይላል፤ ሒሳብ ሹሙ «እኔ በደንቡ መሠረት አስልቻለሁ» ይላል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር በዚህ ነገር እንቅልፍ አጥተው ሲያበቁ፣ መፍትሔው ኮምፒውተር ነው ብለው ከከተማ ስመ ጥር የሶፍትዌር ባለሙያ አስመጡ።

ባለሙያው በሥራቸው ቀልድ የማያውቁ ሰው ነበሩ። በሊቀ መንበሩ ቢሮ ተቀምጠው የሚመለከታቸውን ሰዎች ተራ በተራ አስጠሩ። ሚዛነኛው ኮፍያውን አውልቆ ገባ፤ የተጠየቀውን መልሶ ወጣ። መዝጋቢዋም ገብታ ወጣች። ሒሳብ ሹሙ ከነመዝገቡ ገብቶ ከሌሎቹ ረዘም ላለ ጊዜ አስረዳ። ገበሬዎቹን ወክለው ደግሞ ሊቀ መንበሩ ራሳቸው መለሱ። ማንም የዋሸ አልነበረም። ባለሙያው የሰሙትን አንድም ሳያስቀሩ ጽፈው፣ ወፍራም ሰነድ አስጠርዘው አቀረቡ። ሊቀ መንበሩ ፈረሙበት፤ ማኅተምም አረፈበት። ከዚያ በኋላ ባለሙያው ከነቡድናቸው ከተማ ተቀምጠው አንድ ዓመት ሠሩ። በዚያ ዓመት ውስጥ ከጣቢያው ሰዎች አንዱም እንኳ የተሠራውን አላየም።

ለቀማው ሲደርስ ሶፍትዌሩ መጣ። በሰነዱ ላይ የተጻፈው ሁሉ በውስጡ ነበር። በመጀመሪያው ምሽት መዝጋቢዋ የአንድን ገበሬ ስም ከነአባቱ ስታስገባ ገጹ በስም ዝርዝር ተሞላ። በዚያ ቀበሌ በአንድ ስምና በአንድ የአባት ስም የሚጠራ ሰው ብዙ ነው፤ የሚለየው በአያቱ ወይም በመንደሩ ነው። እሷ ትክክለኛውን ሰው ስትፈልግ ሰልፉ እየረዘመ ሄደ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ደግሞ ኮምፒውተሩ ቀኑን ቀየረ። የእሸት ቡና ዋጋ ከቀን ቀን ይለዋወጣልና በአንድ ሰልፍ ከቆሙት ገበሬዎች ገሚሱ በዛሬው፣ ገሚሱ በነገው ዋጋ ተመዘገቡ። በእኛ አቆጣጠር አዲስ ቀን የሚገባው ሲነጋ ነው፤ ሚዛነኛው ዕድሜውን ሙሉ እንዲሁ ሲመዘግብ ኖሯል። ባለሙያው ይህን አልጠየቁትም፤ እሱም ሊነገር የሚገባው ነገር መሆኑ አልታየውም። ከጥቂት ቀናት በኋላ መስኮቱ ላይ «ሲስተም የለም» የሚል ወረቀት ተለጠፈ፤ የድሮው ደብተርም ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ።

ሊቀ መንበሩ የተበላሸውን ቡና እያሳዩ ባለሙያውን ወቀሱ። ባለሙያው የተፈረመበትን ሰነድ እያሳዩ «ያላችሁኝን ነው የሠራሁት» አሉ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ ፊርማው ግን የሞቀውን ቡና መልሶ አላቀዘቀዘውም።

ባለሙያው ቤታቸው ገብተው ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ ቀድሞ ያስተማሯትን አንዲት ወጣት ጠርተው ሰነዱን ሰጧት።

«ልጄ፣ ስሕተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ፈልጊልኝ» አሏት።

ወጣቷ አንብባ ስትጨርስ እንዲህ አለች፦ «ጋሼ፣ እያንዳንዱ ገጽ እውነት ነው። ሰዎቹ ግን እዚህ ውስጥ አንድም ቦታ ላይ እርስ በርስ አልተነጋገሩም። ሁሉም የተነጋገሩት ከእርስዎ ጋር ብቻ ነው።»

ወጣቷ ወደ ጣቢያው ሄዳ ጥቂት ቀናት ሥራውን በዝምታ አየች። ጆንያውን ማን ማን እንደሚነካው ጻፈች። ባለሙያው ካስጠሯቸው ሰዎች ሌላ ጆንያውን ከማሳ የሚሸከሙ ሴቶች አሉ፤ ማታ በሩን የሚከፍተውና ተራ የሚያስይዘው ዘበኛ አለ፤ ከሩቅ መረከቢያ ቡና የሚያመጣው ሹፌር አለ። ከዚያ ሊቀ መንበሩ ዘንድ ሄዳ ሁለት ነገር ለመነች።

«አባባ፣ እነዚህን ሁሉ ለሁለት ቀን በአንድ ላይ ይስጡኝ። ሁለተኛው ልመናዬ ከበድ ይላል። ጉባኤውን እርስዎ ይክፈቱልን፣ ለምን እንደተሰበሰብን ይንገሩን፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም ተናግሮ እስኪጨርስ ይታገሡን።»

«ሊቀ መንበር በገዛ ማኅበሩ ዝም ይላል እንዴ?»

«እርስዎ ከተናገሩ በኋላ ዘበኛው ምን ሊል ይችላል? ይሉኝታው ያስረዋል። ‹ልክ ነው› ብሎ ይቀመጣል፤ የሚያውቀውንም ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ የመጣሁት ደግሞ ያን ፍለጋ ነው።»

ሊቀ መንበሩ ጥቂት አሰቡና ተስማሙ። ይህ ስምምነት ለብቻቸው፣ ከጉባኤው በፊት መደረጉ ትልቅ ነገር ነው። በሰው ፊት ዝም በሉ ብትላቸው ኖሮ ክብራቸው ይነካ ነበር፤ ክብሩ የተነካ ሰው ደግሞ ሌላው ሲናገር አይሰማም።

ጉባኤው በቢሮ ሳይሆን በመጋዘኑ ውስጥ፣ ሚዛኑ ባለበት ተደረገ። ወጣቷ ከፍ ያለ ጠረጴዛ አላስቀመጠችም፤ ወንበሮቹን በክብ ደረደረች። በግድግዳው ርዝመት ቡናማ የመጠቅለያ ወረቀት ለጠፈች፤ ለሁሉም ብርቱካናማ ካርዶች አደለች።

«ስለ ኮምፒውተር ማንም እንዳያወራ እለምናለሁ። አንድ ጆንያ ቡና ከማሳ ወጥቶ ገንዘብ ሆኖ እስኪመለስ ምን ምን ይደርስበታል? የደረሰውን ብቻ ጻፉ፤ በአንድ ካርድ ላይ አንድ ነገር። መጀመሪያ እያንዳንዳችሁ ለብቻ፣ ሳትነጋገሩ። መጻፍ ለማይችል የመዝጋቢዋ ረዳት ይጽፍለታል።»

«ቡናው ተለቀመ»፣ «ተራ ተያዘ»፣ «ጆንያው ተመዘነ»፣ «ደረሰኝ ተቆረጠ» እያሉ ካርዶቹ ግድግዳውን ሞሉት። ዘበኛው ማንም ያልጻፈውን አንድ ካርድ ለጠፈ፦ «ማታ የመጣ ሰው ስሙ ሳይጻፍ አደረ።» መብራት ሲጠፋ መዝጋቢዋ ስለምትሄድ፣ ማን ቀድሞ እንደመጣ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር፤ ጠዋት ላይ የሚነሣው የተራ ጠብ ሁሉ ምንጩ ይኸው ነው። ባልተስማሙበት ቦታ ወጣቷ ቀይ ካርድ ለጠፈች። የዕለቱ ጉዳይ ያልሆነ ነገር ሲነሣ «ማቆያ» ተብሎ በተለየ ወረቀት ላይ ጽፋ፣ ተናጋሪው እንዳልተናቀ እንዲያይ ስሙን አጠገቡ አሰፈረች። እሷ ራሷ በየትኛውም ክርክር አልፈረደችም። ሥራዋ መጠየቅ፣ ለዝምተኛው ጊዜ መስጠት፣ ለተናጋሪው ሰዓት መጠበቅ ነበር።

ከቀይ ካርዶቹ አንዱ «ኪሎ ጎደለ» ይል ነበር። ወጣቷ «በቃል አንከራከር፤ በቁጥር እንየው» አለችና ከደጅ አንድ ጆንያ እሸት አስመጣች። ሚዛኑ ላይ ተጫነ። ቀስቱ 48 ላይ ቆመ።

ሚዛነኛው እንደ ልማዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አርባ ሰባት!» አለ።

መዝጋቢዋ 47 ብላ ጽፋ ደረሰኙን ለሒሳብ ሹሙ አቀበለች። ሒሳብ ሹሙ ቀይ እስክሪብቶውን አውጥቶ 47ን ሰርዞ 46 ጻፈ።

«ለምን ቀነሱ?» አለች ወጣቷ።

«የጆንያውን ክብደት ነዋ። አንድ ጆንያ አንድ ኪሎ ነው። ደንብ ነው።»

ሚዛነኛው ከመቀመጫው ተነሣ። «የጆንያውን እኮ እኔ ስጠራ ቀንሼዋለሁ! ከአባቴ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚጠራው!»

መጋዘኑ ጸጥ አለ። ሒሳብ ሹሙ እጁ ላይ ያለውን ደረሰኝ ደጋግሞ አየ። ከኋላ ተቀምጠው የነበሩት ባለሙያው፣ የወጣቷ መምህር፣ ሰነዳቸውን ገለጡ፤ የሚዛነኛው ቃል በአንድ ገጽ፣ የሒሳብ ሹሙ ደንብ በሌላ ገጽ፣ ሁለቱም በትክክል ተጽፈው ነበር። ሶፍትዌሩም ታዝዞ ሁለቱንም ፈጽሟል። አንዲት ገበሬ በለቀማው ወራት 40 ጆንያ ብታመጣ 40 ኪሎ እሸት ጎድሎባታል ማለት ነው። አንድ ኪሎ የተዘጋጀ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ስለሚያስፈልግ፣ ይህ ወደ ሰባት ኪሎ የሚጠጋ ለገበያ የደረሰ ቡና ነው።

ጆንያ ከሚሸከሙት ሴቶች በዕድሜ የገፉት ተነሡ። «እኔ ሁለታችሁንም ሌባ ስል ኖሬአለሁ። ይቅር በሉኝ» አሉ። ሚዛነኛው ቀርቦ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ከለከሉት።

ቀጥሎ የተነሣው ጥያቄ ከዚህ የከበደ ነበር። ጆንያውን የምታመጣው ሚስት ናት፤ የአባልነት ደብተሩ በባል ስም ነው፤ ገንዘቡ በማን እጅ ይግባ? ሊቀ መንበሩ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ወጣቷን አዩና ተዉት። ሴቶቹ ተናገሩ፤ ወንዶቹም ተናገሩ፤ አልተስማሙም። ወጣቷ «ይህን ኮምፒውተር አይፈታውም፤ እኔም ልወስንላችሁ አልችልም። የጠቅላላ ጉባኤው ጉዳይ ነው» ብላ በማቆያው ላይ ጻፈችው። ሊቀ መንበሩ ለሚቀጥለው ጉባኤ አጀንዳ እንዲሆን በሁሉ ፊት ቃል ገቡ።

ያን ዕለት ማታ መምህርና ተማሪ በእሳት ዳር ቡና ይጠጡ ነበር።

«ልጄ፣ እኔ የተማርኩት መጀመሪያ መስፈርቱን ጨርስ፣ ቀጥሎ ንድፉን፣ ከዚያ ሥራውን፣ መጨረሻ ላይ ሙከራውን የሚለውን ነው። ዊንስተን ሮይስ እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው ጽሑፍ ላይ ያለው ሥዕል ነው።»

«ጋሼ፣ እዚያው ጽሑፍ ላይ ሮይስ በዚህ መንገድ አንዴ ብቻ ወርዶ መጨረስ ለአደጋ እንደሚያጋልጥ ጽፏል፤ ደንበኛውንም ከመጀመሪያው አንሥቶ አስገቡት ብሏል። ሰው ሥዕሉን ወሰደና ማስጠንቀቂያውን ተወው። ሰዎችን በአንድ ክፍል የማስቀመጡ ነገርም አዲስ አይደለም፤ በአይቢኤም ውስጥ በ1970ዎቹ መጨረሻ ተጠቃሚውንና ፕሮግራመሩን አንድ ላይ አስቀምጦ የማቀድ ዘዴ ተጀምሮ ነበር። በ2001 የካቲት ላይ ደግሞ 17 ባለሙያዎች ዩታ ውስጥ ስኖውበርድ በሚባል ቦታ ተሰብስበው አጃይል የተባለውን የሶፍትዌር አሠራር መግለጫ ሲያወጡ፣ በውል ላይ ከመከራከር ይልቅ ከደንበኛው ጋር አብሮ መሥራትን አስቀደሙ። በግድግዳው ላይ ያዩት ብርቱካናማ ካርድ የአልቤርቶ ብራንዶሊኒ ዘዴ ነው፤ ጣሊያናዊ ነው።»

«ነገ ግን ሰነድ አይጻፍም? አንድ ዓመት ሲያልፍ ማን ያስታውሰዋል?»

«ይጻፋል፤ በትንሽ ካርድ። ኬንት ቤክና ጓደኞቹ በ1990ዎቹ በክራይስለር የደመወዝ ክፍያ ሥራ ላይ እንዲህ ይሠሩ ነበር። ከእነሱ አንዱ ሮን ጄፍሪስ ነገሩን በሦስት ከፍሎታል፦ ካርድ፣ ውይይት፣ ማረጋገጫ። ካርዱ ቀጠሮ ነው፤ ቁም ነገሩ ውይይቱ ውስጥ ነው፤ መግባባታችን የሚታወቀው ደግሞ በምሳሌ ስንፈትነው ነው። ሚዛኑ 48 ሲል ደረሰኙ 47 ካላለ ሥራው አልተሠራም። ይህቺን አንዲት መስመር ሚዛነኛውም፣ ሒሳብ ሹሙም፣ ኮምፒውተሩም ይረዷታል።»

መምህሩ ዝም ብለው ቆዩና «ነገ ጸሐፊ እኔ ልሁን» አሉ።

በማግሥቱ እሳቸው ይጽፉ ጀመር። እያንዳንዱ ካርድ ሦስት ነገር ያዘ፦ የሚፈልገው ማን ነው፣ ምን ይፈልጋል፣ ለምን? «እኔ መዝጋቢዋ ገበሬውን በአያቱ ስምና በመንደሩ መለየት እፈልጋለሁ፤ ሰልፉ እንዳይቆም።» «እኔ ገበሬዋ ደረሰኙን በእጄ ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ፤ ቤቴ ገብቼ እንዳስቆጥረው።» ካርዶቹ በጆንያው ጉዞ ቅደም ተከተል ግድግዳው ላይ ተደረደሩ። ብዙ ነበሩ፤ የሚቀጥለው ለቀማ እስኪደርስ ሁሉንም መሥራት እንደማይቻል ዓይን ብቻውን ይናገራል።

ወጣቷ ለእያንዳንዱ ሰው አምስት አምስት የቡና ፍሬ አደለች። «መጀመሪያ ይሠራ በምትሉት ካርድ ሥር አኑሩ። ለሊቀ መንበሩም ለዘበኛውም አምስት ነው።» ፍሬዎቹ በብዛት ያረፉት በመረከቢያው ላይ ነበር። የሊቀ መንበሩ የልብ ምኞት፣ የየዕለቱን ገቢ በትልቅ ስክሪን የሚያሳየው ዘገባ፣ ጥቂት ፍሬ ብቻ አገኘ።

አሁን የመናገር ተራው የሊቀ መንበሩ ሆነ። ተነሥተው ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አዩ። «እኔ ለዘበኛው ደመወዝ ስከፍል ምን እንደሚሠራ የማውቅ ይመስለኝ ነበር» አሉና በእጃቸው የቀሩትን ፍሬዎች በሙሉ በመረከቢያው ካርድ ሥር አኖሩ።

ወጣቷ ወደ ከተማ አልጠፋችም። በየሁለት ሳምንቱ የተሠራውን ይዛ እየመጣች በመጋዘኑ ውስጥ አሳየች። በመጀመሪያው ዙር ይዛ የመጣችው አንድ ገጽ ብቻ ነበር፤ ሰውን መለየትና ኪሎን መመዝገብ። መዝጋቢዋ ነክታ «በመብራት መጥፊያ ሰዓትስ?» አለች፤ በቀጣዩ ዙር ኔትወርክና መብራት ቢጠፋም በባትሪ የሚሠራ ሆኖ ተመለሰ። ዘበኛው በስልኩ ተራ የሚመዘግብበት ገጽ ተሠራለት። ቀኑ ከሌሊቱ ስድስት ይልቅ ጎሕ ሲቀድ እንዲለወጥ ተደረገ፤ ጳጉሜንም እንደ ወር ተቆጠረች። ፕሮግራሙ በተለወጠ ቁጥር የ48ቱ ምሳሌ አብሮ ይፈተን ነበር።

ለቀማው ሲደርስ ሁሉ ነገር አልሰመረም። ከሩቅ መረከቢያ የሚመጣው ሹፌር የሚያወርደው ጭነት ከተመዘገበው ጋር አልገጠመም። ነገር ግን ሹፌሩ ለማን እንደሚናገር ያውቅ ነበር፤ ሒሳብ ሹሙም ሹፌሩን ሌባ ከማለቱ በፊት መንገዱን ጠየቀው። ምክንያቱ ተገኘ፤ ካርድ ተጻፈ፤ በቀጣዩ ዙር ተስተካከለ። ሰልፉም አልቆመም።

የምሳሌው ፍቺ ይህ ነው። አንድ ሥራ በብዙ እጅ ሲያልፍ፣ እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀው የራሱን ቁራጭ ነው። ቁራጩን ከልማድ ብዛት ሊያስተውለው ስለማይችል ብትጠይቀውም አይነግርህም፤ የሚነግርህ ጎረቤቱ በሌላ መንገድ ሲሠራው በዓይኑ ያየ ዕለት ነው። ሰዎችን ለየብቻ ጠይቆ መልሳቸውን የሚደምር ባለሙያ ሁለት እውነት ደምሮ አንድ በደል ሊያወጣ ይችላል። ኮምፒውተር ደግሞ በደልን ከደብተር ይልቅ ያፈጥነዋል፤ በማኅተም የጸደቀ ያስመስለዋልም።

ዛሬ በአገራችን ባንኩ፣ ሆስፒታሉ፣ ቀበሌው፣ የገበሬው ማኅበር ሁሉ ሥራውን ወደ ኮምፒውተር እያዛወረ ነው። ይህን ሥራ የምታዙ አለቆች ሆይ፣ ጉባኤውን ክፈቱና ታገሡ፤ ከእናንተ በታች ያለው ሰው ሳይፈራ እስኪጨርስ የጠበቃችሁት ሰዓት ከምትከፍሉት ገንዘብ ሁሉ የበለጠ ያተርፍላችኋል። የምትሠሩ ባለሙያዎች ሆይ፣ ፊርማ ከመቀበላችሁ በፊት ዘበኛው ተጠርቶ እንደሆነ ጠይቁ፤ ክርክር ሲነሣም ዕቃውን ሚዛን ላይ አስቀምጡና ሁሉም አብሮ ያንብብ። ሌባ እየተባለ የኖረ ቅን ሰው ስሙ የሚመለስለት፣ ኪሎዋ የጎደለባት እናትም ሒሳቧን የምታገኘው በዚህ መንገድ ነውና።